ምክር የደላላ ብቻ ሆኖ እስከ መቼ?

ፈተና አልቆ ክረምት ሲገባ ከዩኒቨርሲቲው ወደየአገራችን ከምንበተነው ተማሪዎች መካከል፥ እኛ የይፋት ልጆች የደሴን መንገድ እንይዛለን። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፥ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተን፥ ሹራባችንን እያወለቅን ወደ ቆላው እንወርዳለን። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱና የሽንኩርቱ ጆንያ ይቀበለናል። ከዚያ ቀጥሎ የሚቀበለን ጥያቄ ነው። ቀድሞ «ትምህርት እንዴት ነው?» ነበር የምንባለው። ዛሬ ግን የሠፈሩ ወጣት ሁሉ የሚጠይቀን «ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ምን ምን ያስፈልጋል?» እያለ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ባለፈው ክረምት የገጠመን ነገር ነው። ሦስት ሆነን ከአንድ ደጅ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ጎረቤታችን መጡና ሁለት ገጽ ወረቀት ዘርግተው፥ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ይህ ወረቀት ምን ይላል?» አሉን። የልጃቸው የሥራ ውል ነበር። ልጅቱ ገና የ19 ዓመት ወጣት ናት። ወረቀቱ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እኛም ገልበጥ ገልበጥ አደረግነውና በምሁር አነጋገር፥ «ይህ ነገር አደጋ አለው፤ ባትሄድ ይሻላል» አልን። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው አዩንና፥ «እሱንማ እኔም ዐውቃለሁ ልጆቼ። እኔ የጠየቅኋችሁ ወረቀቱ ምን እንደሚል ነው» አሉን።

መልስ አልነበረንም። እንግሊዝኛውን ማንበብ ሳያቅተን አይደለም፤ ምን መፈለግ እንዳለብን አናውቅም ነበር። በማግሥቱ ደላላው ከቤታቸው ቡና ጠጥቶ ሁሉንም «አስረዳቸው»። ልጅቱ በመስከረም ሄደች። እስከ ታኅሣሥ ትደውል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም። የአሠሪዋን ስም የሚያውቅ በቤት ውስጥ የለም። ወረቀቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ይዛው ሄዳለች።

ባልንጀሮቻችን ሆይ፥ እስቲ ራሳችንን እንመርምር። ከእኛ አንዱ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲያስብ ምን ያደርጋል? ቀድሞት የሄደውን ይጠይቃል። ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ፥ ኤምባሲው ምን ወረቀት እንደሚፈልግ፥ ቃለ መጠይቁ ላይ ምን እንደሚባል፥ ምን ያህል ገንዘብ መያዝ እንዳለበት፥ ካፖርቱን ከዚህ ይግዛ ወይስ ከዚያ፥ ሁሉም ይነገረዋል። በመኝታ ቤታችን ይህ ምክር ከአልጋ ወደ አልጋ እንደ ጨው ይዞራል። «አትሂድ፥ አደጋ አለው» የሚለው የለም፤ እንዲያውም ሽኝት ይደረግለታል። የሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ስትኮተኩት የዋለችው እኅታችን ስትሄድ ግን ከእኛ የምታገኘው ስብከት ብቻ ነው። ምክሩን የምታገኘው ከደላላ ነው፤ ያውም ገንዘብ ከፍላ። በእኛ አስተያየት ይህ ትልቅ ነውር ነው።

የይፋት ሰው መንገደኛ የሆነው ዛሬ አይደለም። በታሪክ ትምህርታችን እንደ ተማርነው በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ይፋትን ሲገዛ፥ ይህ ቆላ ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወጣው ንግድ መተላለፊያ ነበር። በኋላም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የተነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሓ አቋርጦ ከአንኮበር በታች ካለችው ከአልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሐሪስ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያው መንገድ ባሪያ ተብለው ወደ ባሕሩ የተነዱ ወገኖቻችንም ነበሩ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ነጋዴው በሕይወት ደርሶ የሚመለሰው የውሃውን ቦታ፥ የመንገዱን መሪና የባላገሩን ልማድ አስቀድሞ ጠይቆ ስለሚነሣ ነበር። ባሪያው ግን የሚሄድበትን የሚያውቀው የሚነዳው ሰው ብቻ ነበር። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ነጋዴውን ከባሪያው የለየው አንዱ ነገር ዕውቀት ነው። ዛሬ ልጆቻችን በየትኛው ሥርዓት እየሄዱ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሐሳብ ስናነሣ፥ «ምክር መስጠት ማደፋፈር ነው፤ መከልከል ነው የሚሻለው» ይሉናል። መከልከሉ ተሞክሯል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች መሄድን አገደ። በዚያው ዓመት ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ተመለሱ። እገዳው እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ሰው መሄዱን ተወን? አልተወም። በአውሮፕላን ይሄድ የነበረው በባቲ፥ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ በእግሩ ወረደ። ምክሩም ከቢሮ ወጥቶ ከደላላ እጅ ገባ። ደግሞስ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤቱን ያጣውን፥ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲደርስ ከብቱን የተዘረፈውን፥ የመሬቱ ድርሻ ለአራት ወንድማማች የማይበቃውን ወጣት «ተቀመጥ» የምንለው ምን ላይ ነው? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላል ያገራችን ሰው። ሥራ በአገር እንዲገኝ መጮኻችንን አንተውም፤ ይህ ዋናው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ እስኪገኝ ግን በሽተኛውን ያለ ውሃ ማስተኛት ጭካኔ ነው።

እንግዲያውስ ምን ብለን እንምከር? ከተመላሾች ከሰማነውና ሕጉን አገላብጠን ካየነው የሚከተለውን አቅርበናል።

አንደኛ፥ ሕጋዊውን መንገድ ከሌላው መለየት ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008ና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 መሠረት ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚላከው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፥ ያውም መንግሥታችን ስምምነት ወዳደረገባቸው አገሮች ነው። ውሉም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ ይመዘገባል። ከቤት ድረስ መጥቶ «በእኔ በኩል ነው» የሚል፥ ቢሮውን የማያሳይ፥ በጉብኝት ወይም በዑምራ ቪዛ «እዚያ ከደረስሽ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ሰው ሕግ የማያውቀው ሰው ነው። ከመፈረም በፊት ጉዳዩ ወደሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ የኤጀንሲውን ስም መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛ፥ ማን ምን እንደሚከፍል ማወቅ ነው። በሕጉ የመግቢያ ቪዛን፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፥ የኢንሹራንስንም ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፥ እንደ ጤና ምርመራ፥ እንደ ክትባትና እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያለውን ነው። ስለዚህ «ለቪዛ» ተብሎ በሬ የተሸጠበት፥ መሬት ለወለድ አገድ የተያዘበት ቤት ሁሉ የተታለለ ቤት ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ በገበያ ቀን ብንናገር ስንት በሬ ከመሸጥ ይተርፋል!

ሦስተኛ፥ የወረቀት ነገር ነው። ውሉና ፓስፖርቱ ሦስት ሦስት ቅጂ ይነሣ። አንዱ ከእናት ሣጥን፥ አንዱ ከዕድሩ ጸሐፊ ወይም ከታመነ ጎረቤት፥ አንዱ ከተጓዧ ልብስ መካከል ይቀመጥ። የአሠሪው ሙሉ ስም፥ ከተማው፥ ስልኩና የኤጀንሲው ስም በአማርኛ ተጽፎ ከቤት ይቅር። ደላላ ስሟን ወይም ዕድሜዋን እንድትለውጥ ቢጠይቃት እንቢ ትበል። እንዲህ ሆኖ የሄደች ልጅ ካለችም በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን ስም ቤተሰቡ በቃሉ ይያዝ። ሰው ሲጠፋ ኤምባሲ የሚጠይቀው የፓስፖርቱን ስም እንጂ በቤት የምትጠራበትን አይደለም። ፓስፖርትን አሠሪ ነጥቆ መያዙም በሳዑዲ ዐረቢያ ራሱ ደንብ የተከለከለ መሆኑን ተጓዧ ትወቅ፤ በተግባር ብዙዎች ይይዙታልና ቅጂው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አራተኛ፥ ሁለት የስልክ ቁጥር በቃል ማጥናት ነው። ስልክ መጀመሪያ ከሚነጠቁት ነገሮች አንዱ ነው። በስልኩ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ከስልኩ ጋር ይሄዳል፤ በቃል የተያዘውን ግን ማንም አይወስደውም። ደግሞም ተጓዡና ቤተሰቡ ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ ጥያቄና መልስ አስቀድመው ይስማሙ። በየመን ሰውን አግተው ወደ ቤተሰብ እየደወሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ብዙዎች ስለሆኑ፥ የሚደውለው ማን መሆኑን ሳያረጋግጡ ከብት መንዳት አይገባም።

አምስተኛ፥ ገንዘብ ነው። ተጓዧ ከመነሣትዋ በፊት በራስዋ ስም የባንክ ሒሳብ ትክፈት። ከደመወዝዋ ምን ያህሉ ለቤተሰብ፥ ምን ያህሉ ለራስዋ እንደሚቀመጥ ከአባትና ከወንድም ጋር ቁርጥ ያለ ንግግር ታድርግ። ዓመታት የሰው ቤት አጥባ ስትመለስ ገንዘብዋ የወንድም ሠርግና የሌላ ሰው ባጃጅ ሆኖ ያገኘችው እኅት በየመንደራችን አለች። ይህን ስንናገር የሚከፉ አባቶች ይኖራሉ፤ ይከፉ እንጂ መነገሩ አይቀርም።

በመጨረሻ፥ በእግር ስለሚሄደው መንገድ እውነቱን እንናገር። ለዚህ መንገድ ደህና ምክር የለም፤ እንሰጣለን ብንልም ውሸት ይሆናል። ደላላው «ከጅቡቲ ማዶ ቅርብ ነው» ሲል ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ጠቅሶ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አይናገርም። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 150 ሜትር ያህል የወረደ፥ ውሃው ጨው የሆነ ቦታ ነው፤ የተጠማ ሰው ከሩቅ አይቶት ሮጦ ቢደርስ የሚጠጣው የለም። በኦቦክ ጠረፍ ጀልባ እየተገለበጠ ወገኖቻችን ያለቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ በሰጠመችው ጀልባ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰንዓ በታጎሩበት ቤት እሳት ተነሥቶ በብዙ ዐሥር የሚቆጠሩ ተቃጠሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ የድንበር ጠባቂዎች በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ጊዜ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በየመን ወሰን ላይ እንደ ገደሉ ገልጧል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክዷል። እነዚህን ቀኖችና ቦታዎች ለወጣቱ በስማቸው መንገር ይገባል። «አደጋ አለው» የሚል ደረቅ ቃል ማንንም አያስቆምም። ቦታውን የሚያውቅ ሰው የሚነግረው ግን ይሰማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቢያንስ ቆም ብሎ እንዲታጠቅ እናድርገው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከሸዋ ሮቢት፥ ከካራቆሬ፥ ከአጣዬ፥ ከሰንበቴና ከከሚሴ የመጣን ተማሪዎች ከመበተናችን በፊት አንድ ቀን እንሰብሰብ። ይህ መጽሔት በሚባዛበት መሣሪያ አንዲት ገጽ ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ እናባዛ። የሕግ ፋኩልቲ ባልንጀሮቻችን አዋጁን ይመርምሩልን፤ ዐረብኛ የሚያነቡ ወንድሞች ውሉን ማንበብ ያስተምሩን። ወረቀቷን በሰንበቴ የእሑድ ገበያ፥ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጅ፥ በዕድር ስብሰባ ላይ እናንብብ። ማንበብ ለማይችል እናንብብለት እንጂ ወረቀት ሰጥተነው አንሂድ። ደግሞ ከመናገር በፊት ከሄዱት እንስማ፤ ተመላሾቹ የዚህ ትምህርት መምህራን እነሱ ናቸው፤ እኛ ጸሐፊዎቻቸው ብንሆን ይበቃናል።

ይህ ሥራ በጀት አይጠይቅም፤ ኮሚቴም ብዙ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ትዕቢታችንን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ያቺ ጎረቤታችን አሁንም ከደጃቸው ተቀምጠው ስልኩን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። በመጪው ክረምት ከአውቶቡስ ስንወርድ ሌላ እናት ሌላ ወረቀት ይዘው መምጣታቸው የማይቀር ነው። ያን ጊዜ «ባትሄድ ይሻላል» ከማለታችን በፊት ወረቀቱ ምን እንደሚል ማንበብ እንቻል።