ሁለት አምባ፣ አንድ የቦምቤይ ጦር

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ዩኔስኮ 12 የማራታ ምሽጎችን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከነሱ አንዱ ራይጋድ ነው። ዜናውን ሳነብ ትዝ ያለኝ መቅደላ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ራይጋድ በምዕራብ ሕንድ፣ በሳህያድሪ ተራሮች ላይ ያለ አምባ ነው። አምባ ስል የእኛኑ አስቡ፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ። ሺቫጂ በ1656 ከአካባቢው ባላባት ነጥቆ ያዘው፣ ኋላም መናገሻው አደረገው። ሰኔ 6 ቀን 1674 ዘውድ የደፋው፣ በ1680ም የሞተው እዚያው ነው። መውጫው ከ1,700 በላይ የድንጋይ ደረጃ አለው (ዛሬ ጉልበት ለከዳው ሰው በገመድ የሚሳብ መኪና አለ)። አናቱ ላይ የክረምቱን ዝናብ የሚያቁሩ ትልልቅ ኩሬዎች ተቆፍረዋል።

እኔን የገረመኝ ግን ግንበኛው ነው። ሂሮጂ ኢንዱልካር ይባላል። ያን ሁሉ ከሠራ በኋላ ስሙን ያስቀረጸው በበር አናት ላይ አይደለም፤ የቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ ነው፣ ምእመኑ እየረገጠው እንዲገባ። አንድ አፈ ታሪክም አለ። ሂርካኒ የተባለች ወተት ሻጭ በሩ ሲመሽ ተዘጋባትና፣ ቤት የተወችው ሕፃን አላስችል ብሏት በጨለማ ገደሉን ቧጥጣ ወረደች። ሺቫጂ አልቀጣትም፤ በወረደችበት ቦታ ግንብ አሠርቶ በስሟ ጠራው። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሕዝቡ ከንጉሡ እኩል የሚያስታውሳት እሷን ነው።

በ1689 ሞጉሎች ያዙት። በኋላ ለዓመታት በጃንጂራ ሲዲዎች፣ ማለትም የአፍሪካ ዘር ባላቸው ገዢዎች እጅ ነበር፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ማራታዎች መልሰው ያዙት። በ1818 እንግሊዞች አጠገቡ ካለ ኮረብታ ላይ መድፍ ጠምደው ደበደቡት፤ ቤተ መንግሥቱ ነደደ፣ አምባው በግንቦት እጁን ሰጠ። ልክ ከ50 ዓመት በኋላ የቦምቤይ ጦር አዛዥ የነበረው ናፒየር 44 ዝሆን በመርከብ አስጭኖ ዙላ ወረደ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። የሺቫጂ መቃብር ለአሥርት ዓመታት ጠባቂ አጥቶ ፈራርሶ ነበር። በ1890ዎቹ ቲላክ የተባለው ታጋይ ሕዝቡን ቀሰቀሰ፣ ለማደሻ ገንዘብ አሰባሰበ፣ በ1896ም እዚያው አምባ ላይ በዓል ተከበረ። ልብ በሉ፣ የራሳቸው መንግሥት እንኳ አልነበራቸውም። በቅኝ ገዢው አፍንጫ ሥር ነው ያደረጉት።

የእኛ የመቅደላ ወሬ ግን ሁልጊዜ ለንደን ላይ ነው። የተዘረፈው ይመለስ፤ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ችግሩ አምባውን ራሱን ረስተነዋል። በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የለም፤ በንግግራችን ውስጥም ከሙዚየሞቹ ስም ያነሰ ይነሣል። አንዳንዶች «ሺቫጂን እኮ ፓርቲዎች ድምፅ ይለቅሙበታል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ይለቅሙበታል። ቴዎድሮስንስ እኛ ምን ስናደርግበት ኖርን?

ሴባስቶፖል አሁንም መቅደላ ላይ ነው። እንግሊዝ አልወሰደውም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ስጽፍ ወጥቼ አላየሁትም።