የቆየው መጠጥ ቤትና አዲሱ ጎረቤት

በእንግሊዝ የስሜዝዊክና የዌስት ብሮምዊች ከተሞች ነባር መጠጥ ቤቶች የተጓዙበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከፑንጃብ የመጡ ሠራተኞች በአካባቢው የብረት ማቅለጫዎች ሲቀጠሩ፣ ብዙዎቹ መጠጥ ቤቶች በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት አያስተናግዷቸውም ነበር። ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ ስሜዝዊክን የጎበኘው ይህንኑ መድልዎ በዓይኑ ለማየት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የዘር ግንኙነት ሕግ በመሰል ቦታዎች የሚፈጸመውን መድልዎ ከለከለ።

በሩን ሕግ ከፈተው፤ ቤቱን ያቆዩት ግን ቀድሞ ደጅ የቀሩት ናቸው። ፋብሪካዎች ሲዘጉና የጥንት ደንበኞች ሲመናመኑ፣ የሕንድ ተወላጆች በርካታ ቤቶችን ተረክበው በፍም የተጠበሰ ሥጋና የፑንጃብ ወጥ ማቅረብ ጀመሩ። ዛሬ እነዚህ ቤቶች “ዴሲ ፐብ” በመባል ይታወቃሉ። በዌስት ብሮምዊች የሚገኘው “ሬድ ላየን” የቀድሞ ስሙን እንደያዘ፣ የስደተኞቹን ሠራተኞች ታሪክ በባለቀለም መስታወት መስኮቱ ላይ አስፍሯል።

ስለዚህ ታሪካዊ ቤትን ለማደስ የሚነሣ ሁሉ ስለ ግድግዳው ቀለም ከመምከሩ በፊት፣ በሰፈሩ አሁን የሚኖረው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። ጡቡ ተጠብቆ ጎረቤቱ ባዳ ሆኖ ከቀረ፣ ቅርሱ ውሎ አድሮ ባዶ ቤት ይሆናል።