«ሆድ ይፍጀው» ልጆቻችንን እየፈጀብን ነው

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ክፍል ውስጥ ንፋስ በሩን ድው አድርጎ ዘጋው። አንድ ልጅ ዴስክ ሥር ገባ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ። በማግስቱ ልጁ በትንሽ ነገር ሲደባደብ አባቱን አስጠራሁ። (ልጁ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።)

አባትየው ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሰ ወታደር ነው። የልጁን ድንጋጤ ሳነሳበት ተቆጣ። «እሱ ምን አይቶ ነው የሚደነግጠው? ያየሁት እኔ ነኝ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልጁ ጦርነት አላየም። ግን እያወራን የእረፍት ደወል ተደወለ፤ ሰውየው ከወንበሩ ብድግ አለ። ልጁ ወደ ደወሉ አልዞረም፤ ዓይኑ የሄደው ወደ አባቱ ፊት ነው። በቃ፣ መልሱ እዚያ ነበር።

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ይዤ የማስተምር መምህር ነኝ። ይህን ግን ከቤቴ አውቀዋለሁ። አባቴ የደርግ ወታደር ነበር። በ1983 ጦሩ ሲበተን በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ገባ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ እሱን የምትቀሰቅሰው ራቅ ብላ ቆማ፣ በድምፅ ብቻ ነበር። የሰው አባት በእጅ ተነክቶ እንደሚቀሰቀስ ያወቅኩት ጎረቤት ቤት ያደርኩ ቀን ነው። ዛሬም ካፌ ስገባ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ካልተቀመጥኩ ቡናው አይጥመኝም። ማንን ነው የምጠብቀው? ጠላት የለኝም እኮ! ጥበቃውን ግን ወርሻለሁ።

«ልጅ ምን ያውቃል፣ ይረሳዋል» የምትሉ ሰዎች ተሳስታችኋል። ልጅ ጦርነቱን ባያውቅ አባቱን ያውቃል። አባት ሌሊት ሲጮህ፣ እናት «ዝም በሉ፣ አባታችሁን እንዳታናድዱት» ስትል፣ ልጁ ትምህርቱን እየወሰደ ነው። ምክንያቱን ካልነገርነው ራሱ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ አድርጎ የሚያገኘውም ራሱን ነው። ከናዚ ካምፖች የተረፉ አይሁዶች ልጆች ካምፑን ሳያዩ በጭንቀት ለሕክምና ሲመጡ ሐኪሞች ማስተዋል የጀመሩት በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ነው። በዘር ይተላለፋል ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በቤት ውስጥ መተላለፉ ግን አያከራክርም።

የእኛ የባሰው አንዱን ሳናስታምም ሌላው መድረሱ ነው። ቀይ ሽብር፣ 1983፣ ባድመ፣ ከዚያ ከ2013 እስከ 2015 የሰሜኑ ጦርነት። አያት፣ አባት፣ ልጅ በየተራ። ለሞተው ድንኳን እንጥላለን፤ እድር አለ፣ አልቃሽ አለ። በሕይወት ለተመለሰውስ? ጠላ ጠምቀን «እንኳን ደህና መጣህ፣ ጀግና!» እንላለን፤ ከዚያ ሆድ ይፍጀው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እያልን ያስቆምነው እንባ በቀበቶ መልክ ልጅ ላይ ይወርዳል። ይሄ ጨዋነት አይደለም። ዕዳ ማስተላለፍ ነው።

«ሥነ ልቦና ምናምን የፈረንጅ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ጸበል ውሰዱት፣ ለንስሐ አባቱም ይናገር። ሐኪምም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መምህራን ጓደኞቼ፣ የተመቱ ትምህርት ቤቶች ጣሪያ ሲጠገን አጨብጭበናል። ከጣሪያው ሥር የተቀመጠውን ልጅ ግን «ረባሽ» ብለን እናስወጣዋለን። እኔም አስወጥቻለሁ፤ ይቅርታ የምጠይቃቸው ልጆች አሉ። ይህን የምታነብ ከሆነ አንዱ አንተ ነህ።

አባቶች፣ ያያችሁትን ሁሉ ለልጅ ተርኩ አላልኩም። «አባትህ ክፉ ነገር አይቷል፤ ስጮህ ባንተ ጥፋት አይደለም» በሉት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። አባቴ ሳይላት ነው ያረፈው።

ይህን ሼር ከማድረጋችሁ በፊት፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ልጃችሁ መጀመሪያ ምናችሁን እንደሚያይ ልብ በሉ። ፊታችሁን እያነበበ ከሆነ፣ ወሬው ከዚያ ይጀመር።