የመጨረሻው ሰው፦ የያሬድ ባየ ጉዞ እና የተከላካይ ዕጣ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ማክሰኝትን አቋርጦ ያልፋል። በመንገዱ አንድ ጫፍ ፋሲል ከነማ፣ በሌላው ጫፍ ባሕር ዳር ከተማ ይገኛሉ። የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየ የሙያ ሕይወትም በዚሁ መንገድ ላይ የተዘረጋ ነው። ፋሲልን በአምበልነት መርቶ ለሻምፒዮንነት ካበቃ በኋላ የባሕር ዳርን መለያ ለብሷል። ይሁን እንጂ ብዙ ተመልካች ስሙን ሲሰማ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ያውንዴ ላይ የተመዘዘበትን ቀይ ካርድ ነው።

ዕለቱ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ከገና በዓል ሁለት ቀን በኋላ ነበር። ዋሊያዎቹ ከ2005ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ኬፕ ቨርዴን ገጠሙ። ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ወደ ግብ በሚያመራው አጥቂ ላይ ጥፋት ሠራ፤ ጥፋቱ በቪዲዮ ከታየ በኋላም ከሜዳ ተሰናበተ። የጨዋታው ሕግ በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። አንድ ተከላካይ ግልጽ የግብ ዕድልን በእንዲህ ያለ ጥፋት ካጨናገፈ ቅጣቱ ቀይ ካርድ ነው። አጥቂ አምስት ጊዜ ስቶ አንድ ቢያገባ ይወደሳል፤ ተከላካይ ግን ሃምሳ ኳስ አስጥሎ አንዱን ቢስት ያ አንዱ ስሙ ሆኖ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ቀሪውን ጨዋታ በአሥር ሰው ተጫውታ የተቆጠረባት አንድ ግብ ብቻ ነው። ጁሊዮ ታቫሬስ በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ያስቆጠራት ግብም ውጤቱን ወሰነች። በቀጣዩ ጨዋታ ቡድኑ በአስተናጋጇ ካሜሩን 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶም ከምድቡ ተሰናበተ። ጥፋቱ ዋጋ አስከፍሏል፤ ይህ አይካድም። የቡድኑን ውድቀት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ግን ከአንድ ጥፋት በላይ የሆኑትን ምክንያቶች ይሸፍናል።

ወደ ያውንዴ ያደረሰው መንገድ የተጠረገው በአመዛኙ በጣና ዳር ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም ኮትዲቯር በባሕር ዳር ስታዲየም 2 ለ 1 ተሸንፋለች። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም ደግሞ ማዳጋስካር በዚያው ሜዳ 4 ለ 0 ተረትታለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስታዲየሙ የካፍን መስፈርት አላሟላም ተብሎ ታገደ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካን በባሕር ዳር ያስተናገደው ብሔራዊ ቡድን፣ በኅዳር ወር ጋናን "በሜዳው" የገጠመው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈበት ታሪካዊ ጨዋታም የተካሄደው በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ሀገር የራሷን ደጋፊ ከቡድኗ ጀርባ ማሰለፍ ሳትችል ተጫዋቿን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም።

በክለብ ደረጃም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ፋሲል በ2013 ዓ.ም በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ስለነበር፣ የጎንደር ሕዝብ የሻምፒዮኑን ጉዞ በቴሌቪዥን ተከታተለ እንጂ በፋሲለደስ ስታዲየም አላየውም። ያሬድ ከ2014 የውድድር ዓመት በኋላ የተቀላቀለው ባሕር ዳር ከተማም በ2015 ዓ.ም ሊጉን በሁለተኛነት አጠናቋል። ሁለቱ የአማራ ክልል ክለቦች እንዲህ ያለ ውጤት ቢያስመዘግቡም የሜዳ ጥያቄያቸው ግን አብሮ አልተፈታም።

ሌላው ጉዳይ የሙያው አጭርነት ነው። እግር ኳሰኛ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ጫማውን ይሰቅላል፤ ሌላው ሠራተኛ ግን በዚያ ዕድሜ ገና ሥራውን እያደላደለ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር በጀትና በጥቂት ስፖንሰሮች ድጋፍ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው የተጫዋቹ ዋስትናም ከበጀቱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ጎንደር ይህን በቅርብ አይታዋለች። በ2008 ዓ.ም ፋሲል ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ፣ የከተማዋ ሌላው ክለብ ዳሽን ቢራ ከሊጉ ወርዶ ኋላም ፈርሷል። ክለብ ሲፈርስ ደጋፊ ሌላ መለያ ይመርጣል፤ ተጫዋች ግን ደመወዙን ያጣል።

ስለዚህ ከያሬድ ጉዞ የሚወሰደው ትምህርት ከቀይ ካርዱ የሰፋ ነው። በማክሰኝት ሜዳ ኳስ የሚያንከባልል ታዳጊ ተከላካይ መሆን ቢመኝ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ፣ ከውድድር ዓመቱ ያለፈ ዋስትና የሚሰጥ ውል እና ጫማ ከተሰቀለ በኋላ የሚያኖር ትምህርት ወይም የአሠልጣኝነት ሥልጠና። እነዚህን ማሟላት የክለቦች፣ የከተማ አስተዳደሮችና የፌዴሬሽኑ ድርሻ ነው። የመጨረሻው ሰው ኳሱን ሲስት ሁሉም ያየዋል፤ ከእርሱ በፊት ኃላፊነታቸውን የሳቱት ግን በቪዲዮ አይታዩም።