ሳይገድፉ መጾም

ባለፈው እሑድ፥ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፥ ከእንጦጦ ማርያም ደጀ ሰላም ወጥቼ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ሳመራ፥ ከባሕር ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንዲት ባልቴት፥ ሳላቸው በመጣ ቍጥር ፊታቸውን ከሰው አዙረው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲከድኑ፥ ሳላቸው ሲበርድላቸውም ከመቀነታቸው ክኒን ፈትተው ከቢጫ ጀሪካን በቀዱት ጸበል ሲውጡ አየሁ። «እግዜር ይማርዎ፥ እማማ» ብላቸው፥ «አሜን ልጄ፤ አራቱን ወር ጾሜዋለሁ፤ ሁለቱን ሳልገድፍ እንዲያስፈጽመኝ ጸልይልኝ» አሉኝ።

እኒህ እናት ጾም ያሉት የሳምባ ነቀርሳን ሕክምና ነው። ዐፄ ምኒልክ በዚሁ ደብር በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከመድፋታቸው ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ፥ ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የዚህ ደዌ መንሥኤ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ መሆኑን ለዓለም ገለጸ፤ ይህም በሽተኛው ሲስል ወደ አየር ወጥቶ በሌላው ትንፋሽ ይገባልና፥ ብርድ ይመታናል እያልን የታክሲውን መስኮት ሁሉ ስንዘጋ፥ አብረን የምንዘጋው እርሱን ነው።

መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛውን ተሕዋስ ስለሚፈጅ፥ ትኩሳቱ ይበርዳል፥ የሌሊቱ ላብ ይደርቃል፥ የከሳው ሰውነትም ይመለሳል፤ ሕመምተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ስድስቱን ወር ሳይፈጽም ያቋረጠ እንደ ሆነ ግን፥ ከሞት ያመለጠው ጥቂቱ መድኃኒቱን ለምዶ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በቍጥር ጥቂት ቢሆንም፥ አንዲት ክኒን ያላጓደለ፥ እንዲያውም ታሞ የማያውቅ ሰው እንኳ ከሌላው ይወርሰዋል። በተራራው ግርጌ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2001 ዓ.ም. ይህን ማከም ሲጀምር፥ ሕክምናው ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ፥ የብዙ ወር መርፌውም የአንዳንዱን ጆሮ የሚያደነቍር ነበር፤ ዛሬ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ዘመኑን አሳጥረውታል።

ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ ሲያስተምሩ ተናግረዋልና፥ የቀረን ነገር የፍጻሜው ነው። የሚገድፈውም ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ያን ሁሉ ክኒን በባዶ ሆድ መቻል ያቃተው፥ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውን የታክሲ ሒሳብ ያጣ ብዙ ነው። ጾም የሚቀለው ቤቱ በሙሉ ሲጾም ነው፤ ዕድራችንም ለቀብራችን ከሚያጠራቅመው ላይ ቀንሶ ለጐረቤቱ የስድስት ወር ቍርስ ቢቈርጥ፥ ድንኳኑን የሚተክልበት ቀን ይቀንስለት ነበር።