በካርቱም የሴቶች ባህላዊ መድኃኒት፦ ሳይፈተሽ የቀረው ጥያቄ

በደቡባዊ ካርቱም በሚገኘው አል-ሳሃፋ ሰፈር ሱዳናውያን ከኢትዮጵያውያንና ከኤርትራውያን ጋር ለዓመታት ተጎራብተው ኖረዋል። ቋንቋቸው ቢለያይም ሴቶቹ የሚጋሩት አንድ ልማድ አለ፤ ጭስ መሞቅ።

ሱዳናውያን ልማዱን “ዱኻን” ይሉታል። መሬት ውስጥ በተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ የጠልህ ወይም የሻፍ እንጨት ይጨሳል፤ ሴትየዋም ሰውነቷን ቅባት ተቀብታ፣ “ሸምላ” በተባለ የሱፍ ልብስ ተሸፍና ትቀመጥበታለች። ጠልህ በኢትዮጵያ ዋጩ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው፤ ሻፍ ደግሞ ከወይባ ወገን ነው። ከራያ ወይም ከወሎ ለመጣች ሴት ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንባትም። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት፣ አራስ ከወለደች በኋላ ትሞቀዋለች። ጭሱ ለውበት ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ወገብን ያጠናክራል፣ ማህፀንን ይጠግናል፣ ፈሳሽንና ሽታን ያስወግዳል ተብሎም ይታመናል።

ይህን እምነት መፈተሽ በሰላሙ ጊዜ የተመራማሪዎች ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ከሚያዝያ 2023 (እአአ) ወዲህ ግን ጉዳዩ የብዙ ቤተሰቦች ሆኗል።

ጦርነቱ በፈነዳ በቀናት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በካርቱም ብቻ 219 ሺህ ነፍሰ ጡሮች እንደሚገኙ፣ ከእነዚህም 24 ሺህ ያህሉ በቀጣዮቹ ሳምንታት ይወልዳሉ ተብሎ እንደሚጠበቅ አስታውቆ ነበር። በዚያው ወር የዓለም ጤና ድርጅት ተዋጊዎች የከተማዋን ብሔራዊ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ መቆጣጠራቸውን ገልጾ አስጠነቀቀ። የሐኪሙ ደጃፍና የላቦራቶሪው በር በአንድ ጊዜ ሲዘጉ፣ ለብዙ ሴቶች በእጃቸው የቀረው እናትና አያት ያወረሷቸው ቅጠል፣ ፍሬና ጭስ ነበር። የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘበት ከመጋቢት 2025 ወዲህ ነዋሪዎች መመለስ ቢጀምሩም፣ የጤና ተቋማቱ እንደ ነዋሪዎቹ ፈጥነው አልተመለሱም።

ሱዳን በዚህ ዘርፍ ባዶ እጇን የነበረች አገር አይደለችም። የመድኃኒትና የመዓዛማ ዕፅዋት የምርምር ተቋሟ በካርቱም የተመሠረተው በ1972 ነው። በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ በባህላዊ መድኃኒት ዕፅዋት ላይ የወጡ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ችግሩ አብዛኞቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ላይ ነው። የቅጠሉ ጭማቂ በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ መግደሉ ይመዘገባል፤ ጥናቱም በዚያው ያበቃል። በረኪናም እኮ በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ ይገድላል። ነፍሰ ጡሯ ማወቅ የሚያስፈልጋት ምን ያህል፣ በስንተኛው ወር፣ ከየትኛው የሆስፒታል መድኃኒት ጋር እንደሆነ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ ሆኖ የሚታየኝ የኧርጎት ታሪክ ነው። ኧርጎት በእህል ዛላ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ሲሆን፣ የአውሮፓ አዋላጆች ምጥ ለማፋጠን ይጠቀሙበት ነበር። መሥራቱ አያጠራጥርም ነበር፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ነው። ማህፀንን ያለ ፋታ ስለሚያኮማትር ሕፃናት ሞተው ይወለዱ፣ የእናቶችም ማህፀን ይቀደድ ነበር። በ1822 የኒውዮርኩ ሐኪም ዴቪድ ሆሳክ ከወሊድ በፊት እንዳይሰጥ፣ ከወሊድ በኋላ ግን ደም ለማቆም እንደሚጠቅም ጻፈ። በ1935 ዋናው ንጥረ ነገር ኧርጎሜትሪን ተለይቶ ወጣ። ዛሬ በትክክለኛው መጠንና ሰዓት ሲሰጥ የእናቶችን ሕይወት ያተርፋል።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ደግሞ በ1960ዎቹ ኮንጎ ውስጥ ያገለግል የነበረው የኖርዌይ ሐኪም ሎሬንትስ ግራን፣ እናቶች ምጥ ለማፋጠን “ካላታ-ካላታ” የተባለ ቅጠል አፍልተው ሲጠጡ አስተዋለ። ቅጠሉን መርምሮም ማህፀንን የሚያኮማትር ፕሮቲን መሰል ንጥረ ነገር አገኘበት። የሚያስገርመው ንጥረ ነገሩ በመፍላት አለመጥፋቱ ነው። ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም ዋናው መድኃኒት የሆነው ኦክሲቶሲን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት ለሳምንታት በሚጠፋበት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ካርቱም የዚህ ልዩነት ትርጉም ግልጽ ነው። ዕፅዋቱን በወጉ መመርመር የአያትን ወግ ከማክበር ያለፈ ጥቅም አለው የምንለው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ምሳሌ እንዶድ ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከ12 ዓመታት በኋላ በአሜሪካ በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት የእንዶድ ንጥረ ነገር እርግዝናን የመከላከል ባሕርይ ታየበት። ነገር ግን አረፋ የሚሰጠው ያው ንጥረ ነገር ቀይ የደም ሕዋሳትንም ያፈነዳል፤ ፅንስ ለማስወረድ እንዶድ የሚጠጡ ሴቶች ራሳቸውን ለመመረዝ ያጋልጣሉ። አክሊሉ ከባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ሽልማት ቢቀበሉም፣ እንዶድ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት እንኳ ዓለም አቀፍ የደኅንነት ምርመራ እስኪደረግለት ከ20 ዓመታት በላይ ወስዷል። ለወንዝ ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ ለማህፀን ምን ያህል ሊጠበቅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሁሉም ዕፅ ግን እኩል አያሰጋም። ሱዳናውያን “ሒልባ” የሚሉት አብሽ ለአራስ ወተት እንዲጨምር በሁለቱም አገሮች ይሰጣል። በምግብ መጠን ብዙ አያሳስብም፤ ሆኖም የስኳር መጠን ሊቀንስ ይችላል። እናቱ ከምጥ በፊት ብዙ አብሽ የወሰደች ሕፃን ሽንት የተቃጠለ ስኳር ስለሚሸት ሐኪሞች ብርቅ የሆነ የትውልድ በሽታ የጠረጠሩባቸው አጋጣሚዎችም ተመዝግበዋል። ጤና አዳም በቡና ላይ አንድ ቅጠል መሆኑና በነፍሰ ጡር እጅ ተቀቅሎ በኩባያ መጠጣቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጭሱስ? ከዕፅ ጋር ሲነጻጸር አደጋው ለመረዳት ቀላል ነው። በዝግ ክፍል የሚጨስ እንጨት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ወደ ፅንስ ደም አልፎ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ አራስ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሞቋና ነፍሰ ጡር በዝግ ቤት መሞቋ አንድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ጭሱ ማህፀንን ይጠግናል የሚለው ግን ገና በሴቶች ላይ በሚደረግ ጥናት መረጋገጥ ያለበት ነው።

ነፍሰ ጡሮችን በሙከራ ማሳተፍ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሳል። ብዙ ወጪ የማይጠይቀው መነሻ ሴቶቹ ቀድሞውኑ የሚወስዱትን መመዝገብ ነው። ለዚህ ሱዳን የቆየ መሠረት አላት፤ በኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1921 ሲሆን፣ በጦርነቱ ወቅትም አዋላጆች በየቤቱ እየሄዱ አዋልደዋል። እናቲቱን “ምን ጠጣሽ? መቼ?” ብሎ ያለ ግሳጼ መጠየቅና መልሱን ከወሊዱ ውጤት ጋር መጻፍ ሆስፒታል እስኪታደስ መጠበቅ አያስፈልገውም። ብዙ ሴቶች ቅጠል መጠጣታቸውን ከሐኪም የሚደብቁት ቁጣን ፈርተው ነው።

አል-ሳሃፋን በመሰለ ሰፈር ደግሞ ሌላ ችግር አለ። አዋላጇ “ሒልባ ወስደሻል?” ብላ በዓረብኛ ስትጠይቅ፣ ኢትዮጵያዊቷ አብሽ የጠጣችው ቢሆንም “አልወሰድኩም” ልትል ትችላለች። የመመዝገቢያ ቅጹ የዓረብኛውን፣ የአማርኛውንና የትግርኛውን ስም ጎን ለጎን መያዝ ይኖርበታል።