አረቄ ለጋንጃ ጠበቃ ሊሆን አይችልም

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ ብዙ በማይርቀው ሠፈራችን፣ የዕድራችን ድንኳን ባንድ ጎረቤቴ ደጅ ተተክሎ ነበር። ሟቹ ደግ አናጢ፣ የአራት ልጆች አባት ነበረ። ጉበቱን የጨረሰው አረቄ መሆኑን በድንኳኑ የተቀመጥነው ሁላችን እናውቃለን፤ ዳሩ ግን «ሆዱን አሞት ሞተ» ከማለት በቀር እውነቱን ሊናገር የደፈረ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ የሠፈራችን ተማሪ ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብሎ፣ «አባቶቼ፣ ጋሼ በአረቄው ፈንታ ጋንጃ ቢያጨሱ ኖሮ ዛሬ በሕይወት በኖሩ ነበር። ሕጉ ግን ገዳዩን በየደጁ እያሸጠ፣ የማይገድለውን ይዞ ያስራል» አለን። ከመካከላችን የተቈጣው ብዙ ነበረ፤ የመለሰለት ግን አልነበረም። እኔም ዝም አልሁ። ያን ጊዜ ያልሰጠሁትን መልስ እነሆ ዛሬ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ልጁ ስለ አረቄ የተናገረው እውነት መሆኑን ልመስክርለት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ብቻ በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። አረቄ ከመጠን በላይ የጠጣ ሰው ባንድ ሌሊት ትንፋሹ ተቋርጦ ሊሞት ይችላል፤ ጋንጃ ያጨሰ ሰው ግን በዚህ መንገድ መሞቱ እምብዛም አይሰማም። ሁለቱ በሚዛን ቢቀመጡ ዛሬ የአረቄ ጥፋት ይከብዳል። ይህን የሚክድ ሽማግሌ ወይ ነገሩን አላወቀም፣ ወይ መለኪያውን ይወዳል።

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የሚከተለው ምንድር ነው? ልጁ «እንግዲያስ ጋንጃም ይፈቀድ» ይላል። እኔ ግን አረቄ በጋንጃ ላይ የሚመሰክር ምስክር እንጂ ለጋንጃ የሚቆም ጠበቃ አይደለም እላለሁ። አረቄ ይህን ያህል ቤት የሚያፈርሰው በመርዝነቱ ብቻ አይደለም፤ በየደጁ ስለሚገኝ፣ ዋጋው ስለረከሰ፣ መጠጣቱም ነውር መሆኑ ስለቀረ ነው። ደግሞም ባለ ጥቅሙ በዝቷል። መንግሥት ከቢራው ቀረጥ ይሰበስባል፤ ባለ ፋብሪካው ያተርፋል፤ ካቲካላ የምታወጣው ድኻ እናትም ጌሾና ብቅሏን አብላልታ፣ እሳቱን ስታነድ አድራ፣ በዚያችው ገንዘብ ልጆቿን ታስተምራለች። እንዲህ ሥር የሰደደውን ነገር ማን ይነቅለዋል? በአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ከተቋቋመ ከዘጠና ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ የአልኮል ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከለከለ። መልካም አዋጅ ነው። ዳሩ ግን ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ከመቅዳቱ በፊት የልጁን ዕድሜ የሚጠይቅ መጠጥ ቤት ስንት ያገኛል?

ጫትም ሁለተኛ ምስክር ነው። በሐረርጌ ቡና እየተነቀለ ጫት ሲተከልበት አይተናል። እንግሊዝ በ2006 ዓ.ም. ጫትን በአገሯ ከለከለች፤ እኛ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባልንን ነገር እንዴት አድርገን እንከልክል? ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ገንዘብ ቤቱም ተይዘዋል። ሦስተኛውን እንግዳ ደግሞ ቤት ውስጥ አስገብተን በኋላ ውጣ ልንለው ነውን?

ምናልባት፣ «አሜሪካ መጠጥን ከ1912 እስከ 1926 ዓ.ም. ከልክላ ምን አተረፈች?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በጉበት በሽታ የሚሞተው ቢቀንስም፣ የኮንትሮባንዱና የወንበዴው ኃይል ስለበረታ ክልከላው ተነሣ። ይህ የሚያስተምረን ግን ቤት የለመደን ነገር በአዋጅ ማስወጣት አስጨናቂ መሆኑን ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

ደግሞም ኡራጓይ በ2006፣ ካናዳ በ2011፣ ጀርመን በ2016 ዓ.ም. ፈቅደዋል ይሉኛል። ጀርመን እንኳ ሰው በቤቱ ጥቂት ተክል እንዲያበቅል፣ ወይም ለትርፍ ካልቆመ ማኅበር እንዲያገኝ ፈቀደች እንጂ በየሱቁ እንዲሸጥ አላደረገችም። ለመድኃኒት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞርፊን በሐኪም እጅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ከዚህ ተክል የሚገኘውም ለአንዳንድ የሚጥል በሽታ ሲረዳ በሐኪም እጅ ቢሰጥ አልቃወምም። ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ዘወትር የሚያጨሰው ልጅ በሽተኛ ሆኖ አይደለም፤ ኃይለኛውን ዓይነት ማዘውተር በወጣትነት ዕድሜ አእምሮን እስከ ማናወጥ እንደሚያደርስ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ።

እንግዲህ ልጁን ከወቀስሁ፣ እኛንም ሳልወቅስ አላልፍም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንም፣ መነገድንም፣ መጠቀምንም ይከለክላል። ነጋዴውን ይቅጣው፤ ይገባዋል። ነገር ግን አንዲት ጥቅልል በኪሱ የተገኘችበትን ልጅ ከሌባና ከነፍሰ ገዳይ ጋር ማሰር ምን ያስተምረዋል? ገብቶ የሚማረው የሌባውን ሙያ ነው። ለእርሱ የሚሻለው ሐኪም ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታልም ከሠፈራችን ሩቅ አይደለም። አባቱ ሰክሮ ሲገባ ጎረቤት ደግፎ ያስተኛዋል፤ ልጁ ሲያጨስ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራበታል። ልጁ «ግብዞች ናችሁ» ቢለን ምን እንመልስለታለን?

እኔ ራሴ ከሟቹ ጋር ስንት ቅዳሜ አብሬ ጠጥቻለሁ። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አይቼ፣ «ወንድሜ፣ ይበቃሃል» ማለትን እንደ ነውር ቈጥሬ ሌላ አስቀዳሁለት። ዕድራችንም ለድንኳኑና ለቀብሩ የሚሆነውን ገንዘብ ሳያጓድል ከፈለ፤ በሕይወቱ ሳለ ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ ግን አንድ ብር አላወጣንም፤ ደንባችን የሚናገረው ስለ ሞት ብቻ ነውና።

ስለዚህ ለዚያ ልጅ የምለው ይህ ነው፦ ልጄ፣ አንዱ ጉድጓድ ጎረቤታችንን ስለዋጠ ሁለተኛ ጉድጓድ አንቈፍርም። የመጀመሪያውን መድፈን ግን የእኛ የአባቶችህ ዕዳ ነው። እንግዳን «ካልጠጣህ አልወድህም» ብለን ማስገደዳችንን እንተው፤ ላልደረሰ ልጅ የሚቀዳውን ቤት በስሙ እንጥራው፤ ካቲካላ የምታወጣዋን እናት ከመስደባችን በፊት ሌላ እንጀራ እንፈልግላት። በሚመጣው ወር የዕድር ስብሰባ፣ ከመዋጮው ጥቂቱ በሱስ ለተያዘ አባል ሕክምና እንዲውል እጠይቃለሁ። አንተም መጥተህ እዚያው ተናገር፤ በድንኳኑ እውነቱን የተናገርህ አንተ ብቻ ነበርህና።